አዲስ የሸርጣን ዝርያ እንዴት ይገለጻል? ከሰሜን ሸዋ ወንዞች መጀመር ለሚፈልጉ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ የሸርጣን ዝርያ ተገኘ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጥልቅ ባሕርን ነው። እውነትም ትልልቆቹ ዜናዎች ከዚያ መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 አልቪን የምትባለዋ ጠላቂ መርከብ በጋላፓጎስ አካባቢ 2,500 ሜትር ገደማ ወርዳ ፍል ውኃ የሚፈልቅበት የባሕር ወለል ላይ ደረሰች። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሸርጣኖች ይኖሩ ነበር። በ1980 ኦስቲን ዊሊያምስ የተባለ ተመራማሪ ከእነሱ አንዱን ባይቶግሪያ ተርሚድሮን ብሎ ሰየመው። ዝርያው ብቻ ሳይሆን ጂነሱና (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች የሚመደቡበት ክፍል) ከጂነስ በላይ ያለው ቤተሰቡም አዲስ ነበር።

እኛ ባሕር የለንም። ሸርጣን ግን አለን። እረኛ የሚያውቀው፣ ውኃ የምትቀዳ ልጅ የምታውቀው፣ ድንጋይ ሲነሳ ወደ ጎን የሚሮጠው ሸርጣን። ዊሊያምስ የተከተለው ሥርዓትና እናንተ ከአንኮበር ሥር ለምታነሱት ሸርጣን የምትከተሉት ሥርዓት ደግሞ አንድ ነው። ሕጉ ለውቅያኖስ አያዳላም። ይህንን የምጽፈው ለባዮሎጂ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ወንዛቸውን በደንብ ለሚያውቁ ሰዎች ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ማግኘት ሌላ፣ መግለጽ ሌላ ነው። ያገኛችሁትን ሸርጣን ማንም ሳይሰይመው ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ግን አዲስ ዝርያ የሚሆነው ከዚህ በፊት ስም ከተሰጣቸው ዘመዶቹ ሁሉ እንደሚለይ በጽሑፍ ስታሳዩ ነው። ያሳያችሁትን ደግሞ ሌላ ሰው፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን፣ ናሙናውን አውጥቶ ማረጋገጥ መቻል አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

ሰሜን ሸዋ ለምን ይፈተሻል?

ከገደሉ አፋፍ፣ ጣርማ በር ላይ ቁሙና ግራ ቀኙን እዩ። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። መጨረሻው ሜዲትራኒያን ነው። የደብረ ብርሃኑ በረሳም የዚህ ወገን ነው። በምሥራቅ በኩል ገደሉን ይዞ የሚወርደው ግን እንደ ሮቢና ከሰም ባሉ ወንዞች በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል።

ይህ ለሸርጣን ትልቅ ነገር ነው። የባሕር ሸርጣን እንቁላል ሲፈለፈል በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ እጭ ይወጣዋል። ሞገዱ ሩቅ ይወስደዋል። የወንዝ ሸርጣን እንዲህ ያለ እጭ የለውም። እናቲቱ እንቁላሏን ከሆዷ እጥፋት ሥር ተሸክማ ትቆያለች፤ የሚወጣውም ያለቀለት ትንሽ ሸርጣን ነው። ስለዚህ ርቆ አይሄድም። በተራራና በገደል የተለያዩ ወንዞች ውስጥ ያሉ ሸርጣኖች ለብዙ ሺህ ዓመታት ሳይገናኙ ሊኖሩ ይችላሉ። ዝርያ የሚለያየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ከፍታውንም ጨምሩበት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሃላቸው ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድ ቀን ይታለፋሉ።

ግን አትቸኩሉ። የወንዝ ሸርጣን ርጥበት ባለበት ሌሊት በየብስ መሄድ ይችላል። የሁለቱ ተፋሰሶች ምንጮች ደግሞ ጫፉ ላይ በጣም ይቀራረባሉ። የውኃው መለያየት ጥያቄ ለመጠየቅ ይበቃል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

«ይህን ያህል ሰው በኖረበት አገር ያልተሰየመ ነገር ይቀራል?» ትሉ ይሆናል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የተፈጥሮ ተመራማሪ ሳይቀር ይዞ ነበር። ያም ሆኖ አንኮበር ሴሪን የምትባለዋ ትንሽ ወፍ በሳይንስ ስም የወጣላት በ1979 ነው። በጠራራ ፀሐይ የምትበር ወፍ ይህን ያህል ከቆየች፣ ድንጋይ ሥር የሚኖር ሸርጣን ቢዘነጋ አይገርምም።

መጀመሪያ ንባብ

ወንዝ ከመውረዳችሁ በፊት አንብቡ። የእኛ ሸርጣኖች በአብዛኛው ፖታሞናውቴስ በሚባለው ጂነስ ውስጥ ይመደባሉ። በአፍሪካ ትልቁ የወንዝ ሸርጣን ጂነስ እሱ ነው። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የወንዝ ሸርጣኖች ከ1,300 በላይ ናቸው።

ሥራችሁ በአካባቢያችሁ ሊገኙ የሚችሉትን የተሰየሙ ዝርያዎች ዝርዝር ማውጣት ነው። ፖታሞናውቴስ ቤራርዲ እ.ኤ.አ. በ1826 ከግብፅ ተሰይሟል፤ የዓባይ ተፋሰስ ስለሆነ ይመለከታችኋል። ፖታሞናውቴስ ኒሎቲከስ በ1837 ነው። ፖታሞናውቴስ አንቴየስ የተባለውን የኢትዮጵያ ዝርያ ኮሎሲ የተባለ ጣሊያናዊ በ1920 ገልጾታል። ከዚያ በኋላም ሌሎች ተጨምረዋል። ለእያንዳንዱ የመጀመሪያውን መግለጫ ፈልጉ። በሌላ ሰው የተጠቀሰውን ማንበብ አይበቃም።

የድሮዎቹ መግለጫዎች በላቲን፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛና በጀርመንኛ ናቸው። አያስደንግጣችሁ። ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ የሚባለው ድረ ገጽ አብዛኞቹን የቆዩ መጻሕፍት በነጻ ያስነብባል። የትርጉም መሣሪያም ዛሬ በስልካችሁ አለ። በደብረ ብርሃን ያለ ተማሪ ዛሬ የሚያገኘውን መጽሐፍ የዛሬ ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ ያለ ፕሮፌሰርም አያገኘውም ነበር።

ፈቃድ

ይህን አትዝለሉት። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት መጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል። ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ነው። ናሙና ወይም የዲኤንኤ ቁራጭ ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይሆንም። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካላችሁ የምርምር ጽሕፈት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ይጽፍላችኋል። ደብዳቤውን ይዛችሁ ወረዳና ቀበሌ ግቡ።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ሰው አለ። መንዝ ጓሳ የምትሄዱ ከሆነ፣ ያ ምድር ቄሮ በሚባል ባህላዊ የመሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት በሕዝቡ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ሳትጠይቁ አትግቡ። ጠበል ከሆነ ምንጭ ደግሞ ሸርጣን አይያዝም፤ ከታች ወርዳችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ካህናቱንም አማክሩ።

ለሽማግሌ «አባባ፣ ከዚህ ወንዝ ሸርጣን ይወጣል? በየትኛው ወር ይበዛል?» ብላችሁ ጠይቁ። እረኞቹን ደግሞ አብልጣችሁ ጠይቁ። የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የነገሯችሁን ጻፉ። ፈቃደኛ ከሆኑ በምስጋና ክፍሉ ስማቸው ይግባ። ይህ ውለታ ብቻ አይደለም፤ የማኅበረሰብ ዕውቀት በአዋጁም መብት አለው።

አያያዝ

ክረምት ላይ አትውረዱ። ከገደሉ ሥር ያሉ ወንዞች ላይ ሳይዘንብ ከላይ በዘነበው ድንገት ይሞላሉ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ውኃው ሲጠራ ይሻላል። ሸርጣን በብዛት የሚንቀሳቀሰው ማታ ነው። ቀን ድንጋይ ሥር ወይም የወንዝ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ነው። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ማታ ከሆነ የአካባቢው ሰው ይምራችሁ።

መሣሪያው ቀላል ነው። ባልዲ፣ የእጅ መረብ፣ ወፍራም ጓንት፣ የራስ ባትሪ፣ እርሳስና ማስታወሻ። ድንጋዩን ወደ ራሳችሁ አንሱት፣ ስትጨርሱ በነበረበት መልሱት። ሥሩ የሚኖረው ሸርጣን ብቻ አይደለም።

በአገራችን ሸርጣን የሚበላ ሰው እምብዛም የለም፤ ገበያ ላይ አይገኝም። በሌላው ዓለም ተመራማሪ ከዓሣ ገበያ ናሙና ይገዛል። እኛ ዘንድ ሁሉንም ራሳችሁ ትይዛላችሁ። ጥቅሙ የእያንዳንዱን ሸርጣን ትክክለኛ ቦታ ማወቃችሁ ነው።

ምን ያህል ይያዝ? ዋናው የጎለመሰ ወንድ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ጥቂት የጎለመሱ ወንዶች፣ ጥቂት ሴቶች፣ አንድ ሁለት ወጣቶች ከአንድ ቦታ ይበቃሉ። ወንድና ሴትን ለመለየት ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ። የወንዱ እጥፋት ጠባብና ሦስት ማዕዘን ነው። የጎለመሰች ሴት እጥፋት ሰፊና ክብ ሆኖ ደረቷን ይሸፍናል። እንቁላል ወይም ግልገል የተሸከመች ሴት ካገኛችሁ ፎቶ አንሡና መልሷት። ትንሽ ጅረት ውስጥ ያለውን ሁሉ ማንሳት ግን ልትገልጹት የመጣችሁትን ማጥፋት ነው።

በሕይወት እያለ ፎቶ አንሡ። ከላይ፣ ከሥር፣ ከፊት ለፊት፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ። አልኮል ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይለቃል። የባሕር ተመራማሪዎችም መርከብ ላይ እንዳወጡት መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ናሙናውን ማቆየት

ሸርጣንን በሕይወቱ አልኮል ውስጥ አትጣሉት። ይሠቃያል። በዚያ ላይ ሲደነግጥ እግሮቹን ይጥላል፤ ናሙናችሁም ይበላሻል። መጀመሪያ በበረዶ አቀዝቅዙት ወይም ትንሽ የቅርንፉድ ዘይት በተቀላቀለበት ውኃ አደንዝዙት። መንቀሳቀስ ሲያቆም ወደ አልኮል ይገባል።

ለዲኤንኤ የሚሆን ቁራጭ መጀመሪያ ይወሰዳል። ከግራ በኩል የመጨረሻዋን የመራመጃ እግር ቁረጡና ቢያንስ 95 በመቶ በሆነ ኢታኖል ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ለብቻዋ አኑሯት። የቀኙን ወገን አትንኩት፤ ለሥዕልና ለልኬት ሙሉ ሆኖ ይቆይ። ፎርማሊን አትጠቀሙ፤ ዲኤንኤውን ያበላሻል።

የቀረው አካል ከ70 እስከ 75 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ይቀመጣል። ከ96 በመቶ ለማቅጠን 780 ሚሊ ሊትር አልኮል ላይ ውኃ ጨምራችሁ 1 ሊትር ሙሉት፤ 75 በመቶ ገደማ ይሆናል። የገበያ ካቲካላ ለዚህ አይበቃም። ቀለም የገባበት የማቃጠያ ስፒሪትም አይሆንም። ሸርጣኑ ከማሰሮው ሲሶ በላይ አይሙላ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ አልኮሉን ቀይሩ፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃ ያቀጥነዋል።

መለያ ወረቀቱ ማሰሮው ውስጥ ይግባ፤ ውጭ የተለጠፈ ወረቀት ይላቀቃል። በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይጠፋል። የሚጻፈው አገር፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የወንዙ ስም ሰዉ እንደሚጠራው፣ በስልካችሁ የወሰዳችሁት የቦታ ነጥብ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የያዘው ሰው ስም፣ የናሙናው ቁጥር ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እንደዚያ ብላችሁ ግለጹ፤ በኋላ የሚመጣ ሰው በሰባትና በስምንት ዓመት እንዳይሳሳት።

ስለ መለያ ወረቀት ይህን ያህል የምለው በምክንያት ነው። በድሮ ስብስቦች ውስጥ «አቢሲኒያ» ወይም «ሸዋ» ብቻ የተጻፈባቸው ናሙናዎች ያጋጥማሉ። ሸዋ የት? ከጀማ ነው ከአዋሽ ወገን? ናሙናው ቢኖርም ጥያቄው አይመለስም።

መለካትና ማየት

ዲጂታል ካሊፐርና ጥሩ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር መለካት አለባችሁ። የጀርባ ቅርፊቱ ስፋት ሰፊው ቦታ ላይ፣ ርዝመቱ መሃሉን ይዞ፣ ውፍረቱ፣ በዓይኖቹ መካከል ያለው የግንባሩ ስፋት፤ እነዚህ አራቱ መሠረት ናቸው። የወንዝ ሸርጣን አጥኚዎች ሌሎቹን ለግንባሩ ስፋት እያካፈሉ ንጽጽር ይሠራሉ። ትልቅና ትንሽ ሸርጣንን ለማወዳደር የሚረዳው ይህ ነው።

ከዚያ በዓይን የሚታየው ይመጣል። ከግንባሩ ኋላ ጀርባው ላይ የሚያልፍ ጠርዝ አለ። ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃል ወይስ መሃል ላይ ይቋረጣል? ቀጥ ያለ ነው ወይስ የታጠፈ? የቅርፊቱ የፊት ጎን ለስላሳ ነው፣ ጥርስ አለው ወይስ እሾህ? ከዓይኑ ውጭ ያለው ጥርስ ሹል ነው? አፉን የሚዘጉት ሁለት ሰፋፊ እግሮች ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር አለ? ደረቱ ላይ ያሉት መጋጠሚያዎች ሙሉ ናቸው ወይስ ጎን ላይ ብቻ ይታያሉ?

አሁን የጎለመሰ ወንድ ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። ወንዱ ከሆዱ እጥፋት ሥር ጎኖፖድ የሚባሉ ሁለት ጥንድ የመራቢያ እግሮች አሉት። በወንዝ ሸርጣን ጥናት ዋናው መለያ የመጀመሪያው ጥንድ ነው። ጫፉ ወደ ውጭ ይታጠፋል? ምን ያህል? ከታችኛው ክፍል አንጻር ርዝመቱ ስንት ነው? መሃሉ ያብጣል ወይስ እኩል ይቀጥናል? ከላይ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሸርጣኖች እዚህ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ወጣቱ ላይ ግን ቅርጹ አልተጠናቀቀም። ስለዚህ በወጣት ናሙና ዝርያ አይሰየምም።

ዕድሜ እንዴት እንደሚያሳስት የጥልቅ ባሕሩ ሸርጣን ጥሩ ምሳሌ ነው። ባይቶግሪያ ተርሚድሮን በእጭነቱ ጤናማ ዓይን አለው። ወደ ፍል ውኃው ወርዶ ሲያድግ ግን ዓይኑ ተለውጦ ምስል መፍጠሩን ይተዋል። እጩንና ዐዋቂውን ለየብቻ ያየ ሰው ሁለት እንስሳ ሊመስሉት ይችላሉ።

መቆንጠጫው ላይም ተጠንቀቁ። አንዱ ከሌላው ይበልጣል፤ በትልልቅ ወንዶች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይገንናል። «መቆንጠጫው በጣም ትልቅ ስለሆነ አዲስ ነው» የሚል ክርክር አይጸናም። ቀለምም እንደዚሁ። አንድ ወንዝ ውስጥ ቡናማና ቀላ ያለ ልታዩ ትችላላችሁ።

ሥዕል ሥሩ። ፎቶ ሥዕልን አይተካም። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚገጠም ካሜራ ሉሲዳ (የሚታየውን ምስል ከወረቀቱ ጋር አደራርቦ የሚያሳይ የመሣያ መሣሪያ) ካለ የጎኖፖዱን መስመር በእሱ ተከተሉ፤ ከሌለ ፎቶውን አትማችሁ በላዩ ላይ በቀለም ሣሉ። ከሥሩ የልኬት መስመር አድርጉ። መሣል ዓይንን ያሠለጥናል፤ ሲሣል ያልታየ እሾህ ይታያል።

ማነጻጸር

ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ነው። እኔ ግን የሥራው ልብ ይህ ነው ባይ ነኝ። አዲስ ዝርያ ማለት «ከእነዚህ አይደለም» የሚል ክርክር ነው። ክርክሩ የሚጸናው እነዚህን ስታውቋቸው ነው።

በሠንጠረዥ ጀምሩ። ወደ ታች መለያዎቹ፣ ወደ ጎን ዝርያዎቹ። የእናንተ ሸርጣን አንድ ዓምድ፣ ቀሪዎቹ ስም ያላቸው ዘመዶቹ። ባዶ የቀረው ሣጥን የምታጣሩትን ያሳያችኋል። መግለጫው ካልነገራችሁ ናሙናውን ማየት አለባችሁ።

የዝርያ ስም የሚታሰረው በስም መያዣ ናሙና ነው። ከመጀመሪያው አንድ ናሙና ብቻ ተለይቶ ከተመረጠ ሆሎታይፕ ይባላል፤ ለድሮ ስሞች ግን ብዙ ናሙናዎች አብረው ስሙን ሊይዙ ይችላሉ። የድሮዎቹ አፍሪካዊ ሸርጣኖች ናሙናዎች በአብዛኛው አውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ ናቸው። መሄድ ካልቻላችሁ ለሙዚየሙ ክፍል ኃላፊ ጻፉ። በአጭሩና በትሕትና። የትኛው ዝርያ፣ የትኛው አካል፣ በየት በኩል ፎቶ እንደሚነሳላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። «ስለ ኢትዮጵያ ሸርጣን ያላችሁን ላኩልኝ» ያለ ሰው መልስ ላያገኝ ይችላል። «የዚህ ዝርያ ወንድ የመጀመሪያ ጎኖፖድ ከፊትና ከኋላ» ያለ ያገኛል።

ከራሳችን አገርም ጀምሩ። አዲስ አበባ አራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስብስብ አለው። ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ።

ከሁለቱም ተፋሰስ ናሙና ይኑራችሁ። ከበረሳ በኩል ብቻ ይዛችሁ «የአዋሹ ይለያል» ማለት አትችሉም። ከመሃል፣ ምንጮቹ ከሚቀራረቡበት ጫፍም ጨምሩ። ልዩነቱ ቀስ እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ከሆነ ሁለት ዝርያ ላይሆን ይችላል። በመሃል ቁርጥ ብሎ ከተለየ ክርክራችሁ ጠንክሯል።

ለየት የሚያደርገውን የምትጽፉበት አንቀጽ ዲያግኖሲስ ይባላል። ደካማው እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሸርጣን ከዝርያ ሀ ይበልጣል፤ ቀለሙም የተለየ ነው።» ጠንካራው ደግሞ፦ «ከግንባር ኋላ ያለው ጠርዝ ሙሉና ቀጥ ያለ ነው፤ በዝርያ ሀ መሃል ላይ ይቋረጣል። የመጀመሪያው ጎኖፖድ ጫፍ ወደ ውጭ አጥብቆ ይታጠፋል፤ በዝርያ ለ ቀጥ ያለ ነው።» ሁለተኛውን ማንም ሰው ናሙና ይዞ ሊፈትነው ይችላል።

ዲኤንኤ

ባይኖራችሁም ሕጉ አይከለክላችሁም። ካላችሁ ግን ይረዳል። የተለመደው ኮክስ አንድ የሚባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን ነው፤ 650 ያህል ፊደል የሚሆን ቁራጭ ይነበባል። አሥራ ስድስት ኤስ የሚባለውም ይጨመራል። ውጤቱን ጂን ባንክ በሚባለው ለሁሉም ክፍት የሆነ የዲኤንኤ መዝገብ ላይ አስገቡ። በዲኤንኤ ብቻ ግን አትተማመኑ። ጂኑና ቅርጹ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው ደስ የሚለው።

ስም ማውጣት

የእንስሳት ስም ሥርዓት መነሻው የሊኔየስ የ1758 መጽሐፍ ነው። ዛሬ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ አራተኛ እትም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጸንቷል። ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ሁለት ቃል ነው። ፖታሞናውቴስ በላቲን ሰዋስው የወንድ ጾታ ስለሆነ ቅጽሉ ከእሱ ጋር ይስማማል። በቦታ ስትሰይሙ መጨረሻው «ኤንሲስ» ይሆናል። በወንድ ስም ከሆነ «ኢ»፣ በሴት ከሆነ «ኤ» ይታከላል። በራስ ስም መሰየም ነውር ተደርጎ ይታያል።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ በቦታ መሰየም ይሻላል። ሰፊ ቦታ ግን አትምረጡ። «ኢትዮጵያ» የሚል ስም ሌላም ሸርጣን ሊወስደው ይችላል። የጅረቱ ወይም የአምባው ስም ሕዝቡንም ያከብራል፣ ናሙናው ከየት እንደመጣም ይናገራል።

ጽሑፉ ሳይወጣ ስሙን የትም አትጻፉ። ፌስቡክ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ፣ የማስተርስ ጽሑፋችሁ ውስጥ። ያለ መግለጫ የወጣ ስም ግርግር ይፈጥራል፤ ሌላ ሰውም ሊቀድማችሁ ይችላል። እስከዚያው «ፖታሞናውቴስ ዝርያ ሀ» በሉት።

ጽሑፉና ኅትመቱ

ጽሑፉ ያለው ቅርጽ የተለመደ ነው። መግቢያ፣ አሠራር፣ ከዚያ የዝርያው ስም «አዲስ ዝርያ» ከሚል ግልጽ ምልክት ጋር። ሆሎታይፑ አንድ ናሙና ብቻ ነው፤ ቁጥሩና የተቀመጠበት ሙዚየም በግልጽ ይጻፋል። ሌሎቹ ደጋፊ ናሙናዎች ፓራታይፕ ይባላሉ። ቀጥሎ ዲያግኖሲስ፣ ሙሉ መግለጫ፣ መጠን፣ የስሙ ምክንያት፣ ስርጭት፣ አኗኗር፣ ንጽጽር። አዲስነቱን አለመግለጽ፣ ሆሎታይፕ አለመሰየም ወይም ማስቀመጫውን አለመጥቀስ ስሙን በሕግ ውድቅ ያደርገዋል።

በኢንተርኔት ብቻ በሚወጣ መጽሔት ከሆነ፣ ሥራው ከመውጣቱ በፊት ዙባንክ በሚባለው መዝገብ መመዝገብና የመዝገብ ቁጥሩም በጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት። ይህ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ደንብ ነው። ዙታክሳ የሚባለው መጽሔት ለአንባቢ በነጻ ክፍት ላልሆነ ኅትመት ገንዘብ አይጠይቅም። ዩሮፒያን ጆርናል ኦፍ ታክሶኖሚ ለጸሐፊም ለአንባቢም ነጻ ነው። በሳምንት አሳትማለሁ እያለ ገንዘብ ከሚጠይቅ መጽሔት ራቁ። ስም አንዴ በሕጉ መሠረት ከወጣ አይሰረዝም፤ የተበላሸ መግለጫ ለተከታዩ ትውልድ ሸክም ሆኖ ይቀራል።

ሆሎታይፑ አገር ውስጥ ይቀመጥ። ይህን አጥብቄ እላለሁ። ከሰሜን ሸዋ ወንዝ የወጣ ሸርጣን የደብረ ብርሃን ተማሪ በአውቶቡስ ሄዶ ሊያየው በሚችል ቦታ ይሁን። አራት ኪሎ ለዚህ ተገቢ ነው። ጥቂት ፓራታይፖችን በፈቃድ ወደ ሌላ ትልቅ ሙዚየም ላኩ፤ በአንድ ቦታ አደጋ ቢደርስ ሌላው ይተርፋል።

ከኅትመት በኋላ

የጽሑፉን ቅጂ ለብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ናሙናው ከተነሳበት ቀበሌ ላለው ትምህርት ቤት አድርሱ። ለትምህርት ቤቱ አንድ ገጽ በአማርኛ፣ ከፎቶ ጋር ጻፉ። ለወረዳው ደግሞ ዝርያው የሚኖርበትን ውኃ የሚያሰጋውን ነገር ለይታችሁ ንገሩ፤ ለመስኖ ጨርሶ የሚጠለፍ ጅረት፣ ወደ ወንዝ የሚወርድ ኬሚካል፣ የተራቆተ ዳር። ከዚያ ወደ ሠንጠረዣችሁ ተመለሱና ባዶ የቀረውን ሣጥን ፈልጉ፤ ቀጣዩ ወንዝ የሚመረጠው ከዚያ ነው።